እጅጉ ያልበላው እንጀራ

እጅጉን የማውቀው ቡሬ፣ አንድ የብድርና ቁጠባ ተቋም ውስጥ ጎን ለጎን ተቀምጠን ለዓመታት ስለሠራን ነው። እሱ የደንበኞች አማካሪ ነበር፤ ገበሬው ብር ይዞ ሲመጣ ምን ላይ ቢያውለው እንደሚያዋጣ ይነግረዋል። የፈረስ ቤት ከተማ ልጅ ነው። አባቱ ሽምግልና እየተቀመጡ፣ ላበላቸው ሲያደሉ እያየ አደገ። ለዚህ ነው መሰለኝ አንድ ሕግ የነበረው፤ ደንበኛ ቤት አይበላም፣ ከደንበኛ ጋርም አበልጅ አይሆንም።

«ከበላሁ በኋላ እምቢ ማለት ያቅተኛል» ይላል።

እኔን አንጀቴን ያሳርረኝ ነበር። ጎጃም ውስጥ በሞቴ እየተባለ የማይበላ ምን ዓይነት ሰው ነው? ደንበኞቹ ያከብሩት ነበር እንጂ ይወዱት ነበር ማለት ይከብደኛል።

ቸኮለ የሚባል የከተማው ዳር ገበሬ መሬቱ ለፋብሪካ ተወሰደና ካሳ ተከፈለው። ገንዘቡንም እኛ ዘንድ አስቀመጠ። በዚያው ሰሞን ሚስቱ ያምሮት ከስንት ዓመት ስለት በኋላ ወንድ ልጅ ወለደች። ቸኮለ አዲስ ጋቢ ለብሶ፣ ፊቱ በርቶ ቢሯችን መጣ።

«አቶ እጅጉ፣ ልጄን ክርስትና ያንሡልኝ» አለው።

እጅጉ ወንበር ስቦ አስቀመጠው። «አቶ ቸኮለ፣ ትልቅ ክብር ነው የሰጡኝ። ግን አበልጅዎ ከሆንኩ የሚያስከፋዎትን ነገር ደፍሬ መናገር አልችልም። ካሳዎ ደግሞ ደፍሮ የሚናገር ሰው ይፈልጋል።»

«እንግዲያው ለድግሱ እንኳ ይምጡ። በሞቴ!»

«ይቅርታ ያድርጉልኝ።»

ቸኮለ ጋቢውን ሰብስቦ «ይሁን» ብሎ ወጣ። እኔ አፍሬ አንገቴን ደፋሁ።

ልጁን ክርስትና ያነሣው እንዳለው የሚባል ቅቤ አንጓች ሆነ። ሥራው ባሕር ዳር ሊሠራ ነው ለሚባል ሆቴል አክሲዮን መሸጥ ነው። በድግሱ ላይ በላ፣ ጠጣ፣ ሕፃኑን አቅፎ ፎቶ ተነሣ። ብዙም ሳይቆይ ቸኮለ ካሳውን ሊያወጣ መጣ።

እጅጉ ገንዘቡ ለምን እንደሚወጣ ሲሰማ ፊቱ ጠቆረ። ሆቴሉ ፈቃድ እንደሌለው፣ ቦታውንም ያየ ሰው እንደሌለ፣ አበልጁም ከሚሸጠው ሁሉ ኮሚሽን እንደሚያገኝ አስረዳው። «ቢያንስ ግማሹን ያስቀሩ። ወፍጮ ይትከሉበት፤ ያምሮትም ልጅዎም ይኖሩበታል» ብሎ ለመነው።

«አበልጄ እኮ ነው» አለ ቸኮለ። «ልጄን ያቀፈ ሰው ነው። እርስዎ ደጄን እንኳ ተጸይፈዋል።»

ወደ እጅጉ ጠጋ ብዬ «ሲስተም የለም በለው» አልኩት በሹክሹክታ። ሁላችንም ስንቸገር የምንላት ናት።

«ገንዘቡ የራሱ ነው። አልዋሸውም» አለኝና ፈረመ። ያን ቀን የተናደድኩት ንዴት እስካሁን አልበረደልኝም።

ሕፃኑ ጥርስ ሳያወጣ ክርስትና አባቱ ስልኩን አጥፍቶ ጠፋ። ሆቴል የሚባል ነገር አልነበረም። ያምሮት ልጇን አዝላ ደምበጫ እናቷ ቤት ገባች። ቸኮለ ድሮ ያርሰው በነበረው መሬት ላይ በተሠራው ፋብሪካ በር ላይ ዘበኛ ሆኖ ተቀጠረ።

ባለፈው ክረምት እኔና እጅጉ በሥራ ጉዳይ በዚያ ስናልፍ፣ ቸኮለ ጥበቃ ቤቱ ደጃፍ ላይ ምሳውን ሊበላ ሲል ደረስን። ከስቷል። ብድግ ብሎ ሰላም አለን። እጅጉ «ነግሬዎት ነበር» ይላል ብዬ ፈርቼ ነበር፤ አላለም።

«ይቅር ይበሉኝ» አለው።

«ምን አጠፉና? እርስዎማ እውነቱን ነግረውኛል። እንጀራዬን ያልቀመሰ ሰው ለእኔ ያስባል ብዬ ማመን አቃተኝ እንጂ።»

ቸኮለ ፌስታሉን ፈታ፤ የዳጉሳ እንጀራ በበርበሬ ነው። «እንብላ» አለን፤ ለወጉ ነው እንጂ ይቀመጣሉ ብሎ አልነበረም።

እጅጉ ድንጋይ ላይ ቁጭ አለ። አንዴ ቆርሶ ጎረሰና እጁን ሰበሰበ። እንባው በጉንጩ ወረደ። እኔም ያን ጊዜ ለሁለቱም አለቀስኩ።

ቸኮለ ጉርሻ ጠቀለለና ወደ እጅጉ አፍ ዘረጋለት።

«ይብሉ እንጂ» አለው። «አሁንማ ደንበኛዎ አይደለሁም።»