እታለምና ሁለተኛው ዲስክ

ያ ድምፅ እስከ ዛሬ ከጆሮዬ አልጠፋም፤ ነቀዝ እህል ሲቆረጥም የመሰለ፣ ቀጭንና የማያቋርጥ። ከታላቅ እህቴ ጠረጴዛ ሥር ከተቀመጠው ኮምፒውተር ይወጣ ነበር። እታለም የማተሚያ ቤቱ የኮምፒውተር ሠራተኛ፣ እኔ ደግሞ አጠገቧ ተቀምጬ የምሠራ አራሚ ነበርኩ። ዐሥራ አንድ ዓመት ሙሉ ያን ኮምፒውተር ከእሷ በቀር የነካው የለም። አቧራውን በቀለም ብሩሽ ትጠርግለት፣ ሲዘገይም እንደ ሕፃን ታባብለው ነበር።

አዲስ ባለሙያ ሲቀጠር ሰላሟ ራቃት። ሰውዬው መመሪያ ሳያነብ ብሎን ስለማይፈታ «ምሁሩ» አልነው። ሥራ አስኪያጁ እሱን ባመሰገኑ ቀን እታለም ምሳ አይበላላትም።

«ምን አደረገሽ?» አልኳት አንድ ቀን።

«ምንም አላደረገኝም። የሚያናድደኝም ይኸው ነው።»

አንድ ማለዳ የኮምፒውተሩ ፋይል ማከማቻ ዲስክ ሞላ። ምሁሩ «አዲስ ዲስክ ይገዛ» ሲል፣ እታለም ቀድማ ከተጣለ ኮምፒውተር ዲስክ ፈታች፤ ፋይሎቹን ደመሰሰችና ከአሮጌው ጎን ገጠመችው። ኮምፒውተሩን ስታስነሣው ግን የሚያሠራው ሥርዓት፣ ሊኑክሱ፣ አልመጣ አለ። ጥቁሩ ስክሪን ላይ አንዲት መስመር ብቻ ብልጭ ድርግም ትላለች። እስከ ቀትር ለኅትመት መድረስ ያለበት የተማሪዎች መጽሐፍ እዚያው ውስጥ ነው። አራት ወር ያረምኩት፣ ሌላ ቅጂ የሌለው።

«የጨመርሽውን ዲስክ ፍቺውና እንየው» አልኳት።

«ፈትቼ፣ ይገዛ ያለው ምሁሩ ልክ ነበር ልበል?»

«እንግዲያው እሱን እንጠይቀው።»

«እሱን ከምጠይቅ እጄ ይቆረጥ። ያለው ሁሉ ቢጠፋም ሊኑክሱን እንደ አዲስ እጭነዋለሁ።»

«ገጾቹስ?»

«እንደገና ይተየባሉ።»

የሊኑክሱን መጫኛ ሲዲ ከመሳቢያ አወጣች። ውኃ ልጠጣ ብዬ ወጣሁና ምሁሩን መተላለፊያው ላይ አገኘሁት። የሆነውን ስነግረው ሳይስቅ ሰማኝ።

«አሮጌው ዲስክ ደኅና ነው» አለኝ ድምፁን ዝቅ አድርጎ። «የተጨመረው ላይ የቀድሞ ኮምፒውተሩ ማስነሻ ቅሪት አለ፤ ፋይል ሲደመሰስ እሱ አይጠፋም። ኮምፒውተሩ ያንን ቀድሞ ያነብና የሚያስነሣው ሊኑክስ ያጣል። ሲበራ ወደ ቅንብሩ ገብታ አሮጌውን ታስቀድም፣ ይበቃል። እኔ ነገርኩህ እንዳትላት።»

ስመለስ ጣቷ መጫኑን በሚያስጀምረው ቁልፍ ላይ ነበር። «እታለም፣ የዲስኮቹ ተራ ተዛብቶ እንደሆነስ? አሮጌውን አስቀድሚውማ» አልኳት እንደ ዋዛ።

ትክ ብላ አየችኝ። ከዚያ አጥፍታ አበራችው፣ ተራውን ለወጠች። ነቀዙ መቆርጠም ጀመረ፤ ገጾቹም አንድም ሳይጎድል መጡ።

ሥራ አስኪያጁ ከበሩ ላይ ሆነው «አንቺ እያለሽማ ምን እንሆናለን» አሉ። ከኋላቸው የቆመው ምሁሩም «እጅዎ ይባረክ» አላት። ፊቷ ፈካ፤ እንዲያ ሲፈካ ካየሁት ስንት ጊዜዬ። ሥራ አስኪያጁ ሲሄዱ ወደ እኔ ዞረች።

«አራሚ የዲስክ ተራ ከየት ተማረ?»

ዓይኔ ሳላዝዘው ወደ ምሁሩ ሄደ፤ እሱም መሬት መሬት አየ። እታለም ሁለታችንንም በተራ ተመለከተችን። ሹራቧን ከወንበሩ ላይ አነሣች፤ በመካከላችን አልፋ፣ ደኅና ዋሉ ሳትል ወጣች።