ያልተፈቀደ ቅያሪ

ባለፈው ዓመት በኅዳር ወር ሦስተኛ ሳምንት፣ ሐሙስ ከሰዓት በኋላ፣ ልቧ በሕመም የተቆጣ የአሥራ አምስት ዓመት ልጅ ሙሉ ሦስት ዙር መረብ ኳስ እንድትጫወት ተደርጋለች። ልጅቷ ሶስና ትባላለች፤ የወለድኳት እኔ ነኝ። ጨዋታው የተካሄደው እዚሁ ጉለሌ፣ በትምህርት ቤቷ ሜዳ ነው። ይህን የምጽፈው ተመሳሳይ ሕመም ለገጠማቸው ወላጆች ነው፤ ትምህርት ቤቱም ቢያነበው አልጠላም።

የመጀመሪያው ምልክት የጉሮሮ ሕመም ነበር። ጥቅምት መገባደጃ ላይ ቶንሲሏ አብጦ አተኮሳት፤ ጤና ጣቢያ ወስጃት ለዐሥር ቀን የሚወሰድ አሞክሲሲሊን ታዘዘላት። በአራተኛው ቀን ትኩሳቱ ጠፋ፤ መድኃኒቱን አስቆምኩት። የእጽዋት ተመራማሪ ነኝ። በአንድ ቅጠል ላይ የታየን ነጠብጣብ ከጠፋ በኋላ እንኳ ለሳምንታት እከታተላለሁ። የልጄን ጉሮሮ የተከታተልኩት አራት ቀን ነው። ይህ ጥፋት የእኔ ነው፤ ለማንም አላካፍለውም።

ከሁለት ሳምንት በኋላ ልምምድ ላይ ሳለች ቀኝ ጉልበቷ አበጠ። የስፖርት መምህሯ «ወለምታ ነው» ብሎ፣ እኔን ሳይጠይቅ፣ ቀጨኔ ወደሚያውቀው ወጌሻ ወሰዳት። ወጌሻው አሽቶ አሰረላት። በሦስተኛው ቀን ጉልበቷ ዳነ፤ መምህሩም ኮራ። በዚያው ቀን ግራ ቁርጭምጭሚቷ አበጠ። እሱንም አሳሹት። ወለምታ ከአንዱ መገጣጠሚያ ወደ ሌላው አይዘዋወርም፤ ይህን ለመረዳት ዶክትሬት አያስፈልግም። ዶክትሬት ያላት እናት ግን አልሰማችም፤ መምህሩ አልነገራትም፣ ልጅቷም ከቡድኑ እንዳታስወጣት ፈርታ ረጅም ካልሲ ታጠልቅ ነበር።

ሐሙስ ተጫወተች። ዓርብ ጠዋት ከቤታችን ወደ አስፋልቱ የሚወስደውን ዳገት ሳትጨርስ ተቀመጠች። ከንፈሯ ገርጥቷል።

«ማሚ፣ አየር አጠረኝ።»

ሆስፒታል። የደም ምርመራ። ኢሲጂ። ኢኮ፣ ማለትም የልብ አልትራሳውንድ። ሐኪሟ ስክሪኑን ወደ እኔ አዞረችው።

«ሩማቲክ ፊቨር ነው፤ በደንብ ካልታከመ የጉሮሮ ሕመም የሚከተል። መገጣጠሚያዎቹ ይድናሉ። እኔን ያሳሰበኝ ልቧ ነው፤ ማይትራል የሚባለው ቫልቭ ደም ወደ ኋላ ያፈሳል።»

«ይስተካከላል?»

«አሁን ላይ ይህን ልነግርዎት አልችልም። ፔኒሲሊን በየአራት ሳምንቱ ትወጋለች፣ ለዓመታት። አንድም መርፌ እንዳይዘለል። ይህን የሚከታተሉት እርስዎ ነዎት።»

ስለ አሞክሲሲሊኑ ነገርኳት። ጻፈችው። አላጽናናችኝም። ለዚህ ዛሬም አከብራታለሁ።

ከሆስፒታል ወጥተን ቤት ስንገባ ሶስና እንድታደርግ የተፈቀደላት መተኛትና ስልኳን ማየት ብቻ ስለነበር፣ ስለ አንድ የጃፓን ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት የመረብ ኳስ ቡድን የሚተርክ አኒሜ፣ የካርቱን ተከታታይ ፊልም፣ ጀመረች፤ እኔም የልብ ምቷን ለመቁጠር ከጎኗ ስለማልጠፋ ሳልወድ ተመልካች ሆንኩ። አንዱ ተጫዋች ዘሎ ኳሷን እስኪመታ ድረስ የሕይወት ታሪኩን ሁሉ ማስታወሱ እንደማይቻል ስናገር፣ «ማሚ፣ ፊዚክስ አትፈትኛቸው!» ትለኛለች። ከጂምናዚየሙ መስኮት ውጭ የሚታየውን ዛፍ ስም ስነግራት ደግሞ፣ «በቃ፣ ላንቺ ዋናው ተዋናይ እሱ ነው» ብላ ሳቀች። ከሳምንታት በኋላ የሰማሁት የመጀመሪያ ሳቋ ይህ ነበር።

የቡድኑን ዕጣ የለወጡ ክፍሎችን በቃሏ ታውቃቸዋለች፤ ሰርቭ መምታት የሚፈራው ተጠባባቂ የመጨረሻዋን ነጥብ ያገኘበትን፣ ለወራት የተኳረፉት ሁለቱ ልጆች ያለ ቃል ኳስ የተቀባበሉበትን ደጋግማ አይታቸዋለች። አንዱን ክፍል ግን ሁልጊዜ መሐል ላይ ትዘጋዋለች። በሦስተኛው ጊዜ እጇን ያዝኩ።

«ይቀጥል።»

የጉልበቱን ሕመም የደበቀው አምበል፣ ድል ሲቃረብ፣ እጁን አወጣ። ሽማግሌው አሠልጣኝ አንድም ጥያቄ ሳይጠይቅ ቅያሪ ጠራ። ቡድኑ ተሸነፈ።

«ተሸነፉ እኮ» አለች ሶስና። «ማንም አልሰደበውም።»

ቪዲዮውን አቆምኩት።

«እኔም እጄን አውጥቻለሁ፣ ማሚ። ሦስተኛው ዙር ላይ። መምህሩን ‹ቀይሩኝ፣ ደረቴን ያዘኝ› አልኩት።»

«ምን አለሽ?»

«‹አትሞላቀቂ፣ እያሸነፍን ነው› አለኝ። ልጆቹ ሳቁ። እኔም ሳቅኩ።»

የልብ ምቷን መቁጠር ጀመርኩ። ሁለት ጊዜ ተሳሳትኩ።

ለትምህርት ቤቱ ጻፍኩ። የመጣው መልስ አንድ ዐረፍተ ነገር ነበር፦ «ተማሪዋ በጨዋታው ወቅት ምንም ዓይነት ቅሬታ አላቀረበችም።» ሶስና ደብዳቤውን ሁለቴ አነበበችው።

«ምናልባት ጮክ ብዬ አልተናገርኩ ይሆናል» አለች።

ከኢኮው ውጤት ይልቅ ያስፈራኝ ይህ ነው። ይህ ሕመም በአንድ ችላ በተባለ የጉሮሮ ሕመም ሊመለስ ይችላል፤ ሲመለስም ቫልቩን የበለጠ ይጎዳል። ጉሮሮዋ መከርከሩን ከሁላችንም በፊት የምታውቀው እሷ ናት። የገዛ ቃሏን መጠራጠር የለመደች ልጅ ደግሞ ሲያማት አትናገርም።

ዛሬ ቫልቩ የሚያፈሰው በጥቂቱ ነው፤ ሐኪሟ ቀላል ልምምድ ፈቅዳላታለች፤ ዳገቱንም ሳትቀመጥ ትወጣዋለች። ሐኪሟን አመሰግናለሁ። መርፌዋን የምትወጋትን ነርስም አመሰግናለሁ፤ ሶስና «ሲስተር፣ ቀስ በይ» ስትላት በእርግጥ ቀስ ትላለችና። ለወላጆች የምለው ጥቂት ነው። ትኩሳቱ ቢጠፋም የታዘዘውን መድኃኒት አስጨርሱ። ከመገጣጠሚያ ወደ መገጣጠሚያ የሚዞር ሕመም የወጌሻ ሥራ አይደለም፤ የዚያኑ ቀን የልጃችሁን ልብ አስመርምሩ። ልጃችሁ «አልችልም» ስትል ማስረጃ አትጠይቋት።

ለትምህርት ቤቱ ዳይሬክተር፦ ካሳ አልጠየቅኩም፤ ይቅርታ ይጠይቁኝም አልልም። ጥያቄዬ አንድ ነው። በዚያ ሐሙስ፣ በሦስተኛው ዙር፣ ሶስና «ቀይሩኝ» ብላለች ወይስ አላለችም? መምህሩን ይጠይቁት። የሳቁት ልጆች ሰምተዋል፤ እነሱንም ይጠይቋቸው። ከዚያ «ብላለች» ወይም «አላለችም» የሚለውን አንድ ቃል ጽፈው፣ ፈርመው ይላኩ። ደብዳቤው በእኔ ስም አይሁን፤ በሶስና ስም ይሁን።