መንገድ ላይ ነው በይኝ

«አንቺ ልጅ፣ ለሁሉም ነገር ስም ስታወጪለት ነው የሚበላሸው» አለችኝ አክስቴ ፊት ለፊት።

እውነቷን ነው፤ እኔ ነገር ማለሳለስ አልችልበትም። እናቴም ወደ እሷ የላከችኝ ለዚሁ ነበር። የአክስቴ አንድ ልጅ በጦርነቱ ጊዜ እንደ ወጣ ቀረ። አብሮት የነበረው ጓደኛው መጥቶ፣ በእጄ ነው የቀበርኩት ብሎ ቀበቶውን ሰጠን። አክስቴ ቀበቶውን ተቀብላ ግድግዳው ላይ ሰቀለችው፤ ፍታቱን ግን እምቢ አለች። ዘመድ ሲለምናት ዝም፣ ቄሶቹ ሲመክሯት ዝም። ከእኛ ይልቅ አንቺን ትሰማለች፣ ሄደሽ አሳምኛት አለችኝ እናቴ። አሥራ ሁለተኛ ክፍል ጨርሼ፣ ነጥብ ሳይመጣልኝ ቀርቶ ቤት ተጎልቼ ስለነበር ሄድኩ።

አክስቴ ባለዛር ናት። ቤቷ ከነአኩቶ ለአብ መንገድ ትንሽ ወረድ ይላል፤ ሰዉ ቤተ ክርስቲያን ስሞ ሲመለስ በጓሮ በኩል ይገባላታል። አጋፋሪዋ ዓረብ አገር ስለሄደችባት እኔን አቆመችኝ። ዛሩ ሲሰፍርባት እያጓራች ግማሹን የምትውጠውን ቃል እየተቀበልኩ ለእንግዳው መናገር ነው ሥራዬ። እሷ ስትነቃ ያለችውን ስለማታስታውስ፣ ምን አልኩ ብላ የምትጠይቀውም እኔን ነው።

ደግሞ አስጠናችኝ። ስም አትጥሪ፣ አገር አትጥሪ፣ ሞተ ዳነ አትበይ። «ጥላ አለ» በይ፣ «ከማዶ ነው» በይና ዝም በይ፤ የቀረውን ሰውየው ራሱ ያመጣዋል። ደነገጥኩ። የሚያውቀው ዛሩ ነው ብዬ ነበር እኮ። ይሄ ታዲያ ማታለል አይደለም ወይ ስላት ሳቀችብኝ። በሬ የጠፋበት ሰው መጣ፤ ገደል ሥር ጥላ አለ ተባለ። ላስታ ውስጥ ገደል የሌለበት የት ነው? ሰውየው ግን በሬውን አግኝቶ ማር ይዞ ተመለሰ።

አንድ ቅዳሜ ከጋሸና በኩል አንዲት እናት መጡ። የእሳቸውም ልጅ ወጥቶ ቀርቷል። አክስቴ ተንቀጠቀጠች፣ ላቧ ወረደ፤ ከብዙ ማጓራት በኋላ የወጣው ይኸው ነው፦ መንገድ ላይ ነው፤ በርዶታል፤ የሚያውቀው ጨርቅ ይዟል። እንዳለ አቀበልኩና ዝም አልኩ። ሴትዮዋ ዝምታዬን አልቻሉትም።

«ሹራቡ ነው» አሉ። «አረንጓዴው። ከወገል ጤና ገበያ እኔው የገዛሁለት።»

ከዚያ ብርዱ ደጋ ሆነ፣ ደጋው እስር ቤት ሆነ፣ እስር ቤቱም ደግ ዘበኛ ተገኘለት። ማንም ያላለውን ሁሉ እዚያው ቁጭ ብለው ሠሩት። ሲወጡ የእኔን ጉልበት ሊስሙ ጎንበስ አሉ።

አክስቴ ነቃች፤ ፊቷን እየጠራረገች ምን አልኩ አለችኝ፣ እንደ ወትሮው። ነገርኳት። እጇ ቆመ።

«በርዶታል አልኩ?»

«አዎ።»

«ጨርቅ ይዟል?»

«ብለሻል።»

«ነጠላዬን ነው» አለች። «ሲሄድ ከትከሻዬ ላይ ገፎኝ ነው የሄደው።»

እስክትስቅ ጠበቅኩ። አልሳቀችም። ተነስታ የልጇን ብርድ ልብስ ከሣጥን አወጣችና፣ ጸሐይ ሳለ አስጪው ብላ እጄ ላይ ጣለችው። ያስጠናችኝ ሴት እኮ ናት!

«እትዬ፣ ይህንን ያስተማርሽኝ አንቺ ነሽ» አልኳት። «ልጁ ሞቷል። ጓደኛው ቀብሮታል። ቀበቶው ያውና።»

ወደ ቀበቶው ዞር አላለችም። ለሁሉም ነገር ስም ስታወጪለት ነው የሚበላሸው ያለችኝ ያኔ ነው፤ ድምፅዋን እንኳ ከፍ አላደረገችም። ከዚያ እንግዶቹ የሚቀመጡበት መደብ ላይ ሄዳ ተቀመጠች፣ እጆቿን ጭኗ ላይ አጣጠፈች።

«በይ እንደ አጋፋሪ ቁሚና እንደገና ንገሪኝ። መንገድ ላይ ነው በይኝ።»

ብርድ ልብሱን ሣጥኑ ላይ አስቀመጥኩት። ነጠላዬን አንስቼ በጓሮ በር ወጣሁ።