ብስራት ጋሽ ኃይለልዑልን የማረ ዕለት

አይ ብስራት! ኡበር ሲነዳ ጨዋ፣ ሰው ሲያከብር ጨዋ፤ ጉድ የሠራውም ይኸው ጨዋነቱ ነው። አሜሪካ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ከተማ ከገባ አስራ አንድ ዓመቱ ነው። ፖከር የሚባለውን የካርታ ቁማር ያስተማሩት ጎረቤቱ ጋሽ ኃይለልዑል ናቸው። "የሚደርስህ ካርታ የዕድል ነው፤ አጨዋወቱ ግን ያንተ ነው። ጠረጴዛ ላይ ከቀረብክ አባትህንም ቢሆን አትማር" ይሉት ነበር። ዓይናቸው ደከም ካለ ወዲህ መንዳት ትተዋል፤ ቅዳሜ ቅዳሜ እዚያው አሜሪካ፣ አሌክሳንድሪያ በምትባለው ጎረቤት ከተማ ወዳለው የፖከር ውድድር አዳራሽ የሚወስዳቸው እሱ ነው። ወገባቸውን ስለሚያማቸው የፊት ወንበሩ ላይ ትራስ አስቀምጦላቸዋል። አዳራሹ ውስጥ ሃያ ዓመት ሙሉ ንጹሕ ተጫዋች ተብለው ተከብረው ኖረዋል።

ባለፈው ቅዳሜ ሁለቱም አሸናፊው እስከሚለይበት የመጨረሻ ጠረጴዛ ደረሱ። በአንዱ ዙር ብስራት እጅ ሁለት ሰባት ገባ፤ ጠረጴዛው ላይ ለሁሉም በጋራ ከሚዘረጉት ካርታዎች ደግሞ ሌላ ሁለት ሰባት ወጣ። አራት ሰባት! የሚበልጠው ካርታ አልነበረም። ሌሎቹ ካርታቸውን ጥለው ወጡና እሱና ሽማግሌው ብቻ ቀሩ። ጋሽ ኃይለልዑል ጠረጴዛውን በጣታቸው ነካ አደረጉ፤ ውርርድ አልጨምርም፣ አልፌያለሁ ማለታቸው ነው። የመጨረሻው ተራ የብስራት ሆነ። ቢጨምርባቸው እንደማይሸሹ ያውቃል፤ የቀረቻቸውን ጥቂት ቺፕ፣ የመጫወቻ ገንዘባቸውን፣ ጠርጎ ሊያስወጣቸው ነው። ቀና ሲል፣ ካርታቸውን ዓይናቸው ድረስ አስጠግተው ያያሉ። ምን እንደነካው እንጃ፣ አሳዘኑት። እሱም ጠረጴዛውን ነካ አድርጎ አለፈ።

ካርታው ሲገለጥና ሰባቶቹ ሲታዩ ተጫዋቾቹ እርስ በርስ ተያዩ። የማይሸነፍ ካርታ ይዞ በመጨረሻ ተራ ማለፍ እዚያ ቤት መመሳጠር ነው። ብስራት ይህን አጥቶት ነው? ያስተማሩት እሳቸው አይደሉ እንዴ! አንዷ ተጫዋች ዳኛ ጠራች።

"ትተዋወቃላችሁ?" አለ ዳኛው።

"እንደ አባቴ ናቸው" አለ ብስራት በእንግሊዝኛ፣ ያስረዳ መስሎት። ወይ ጉድ! በገዛ አፉ መሰከረባቸው። ዳኛው እሱን ከውድድሩ አስወጣው፤ ሽማግሌውን ግን፣ "እርስዎ ይቀጥሉ፤ ብቻ እየተከታተልንዎት ነው" አላቸው። አጠገባቸው የተቀመጠው ሰውዬ ካርታውን እንዳያዩበት ደረቱ ላይ ለጠፈ። ጋሽ ኃይለልዑል ያንን አዩ። ቺፓቸውን እዚያው ትተው፣ ኮፍያቸውን አንስተው ወጡ።

ብስራት መሬት ተከፍታ ብትውጠው በወደደ። ሮጦ የመኪናውን የፊት በር ከፈተላቸው። እሳቸው የኋላውን ከፍተው እንደ ተሳፋሪ ተቀመጡ። ቤልትዌይ የሚሉት አውራ ጎዳና አልቆ ሲልቨር ስፕሪንግ እስኪገቡ ፊታቸውን ወደ መስኮቱ አዙረው ተጓዙ። እሱም ፊቱ እየጋለ፣ በመስታወቱ ሊያያቸው እንኳ አልደፈረም።

ሲወርዱ በሩን ይዘው ቆሙ።

"ጋሽዬ፣ አዝኜልዎት እኮ ነው" አለ ብስራት።

"አውቃለሁ። ያቃጠለኝም እሱ ነው። ብታስወጣኝ ኖሮ፣ ያስተማርኩት ልጅ አሸነፈኝ እያልኩ መንገዱን ሁሉ ስኮራብህ እመጣ ነበር።" ወገባቸውን ይዘው ቀና አሉ። "ቅዳሜ እንዳትመጣ። ሰዎቹን በምን ዓይኔ አያቸዋለሁ?"