የሸለቆዋ ተኩላና የሽሎሞ በጎች

ልጆቼ፣ እናንተ ተኩላ የምታውቁት በቴሌቪዥን ነው። እኔ ከአንዷ ጋር በአሥር እርምጃ ተፋጥጫለሁ። ከአዲስ አበባ ወደዚህ አገር ባውሮፕላን በመጣን በዓመቱ ነው፤ ፋሲካ አልፎ የመጨረሻው ዝናብ ጥሎ መሬቱ ርሷል። ቂርያት ጋት ከተማ፣ ፋብሪካ ውስጥ አብሮኝ የሚሠራ ሽሎሞ የሚባል ሰው ነበር፤ ከከተማው ወጣ ብላ ባለች መንደር በግ ያረባል። አገሬ አዳኝ እንደነበርሁ ሰምቶ «ተኩላ በጎቼን ጨረሰ። ዱካውን አንተ አሳየኝ፣ እኔ እተኩሳለሁ» አለኝ። ጎረቤቶቹ ያገኙትን ሁሉ ሲገድሉ ኖረው፣ በዚያ ሸለቆ የቀሩት ባልና ሚስት ብቻ ናቸው ይባል ነበር።

እሺ አልሁት፤ ነገሩ ግን ከነከነኝ። በወጣትነቴ ስሜን ላይ፣ ግልገል በላች ብዬ አንዲት ቀይ ቀበሮ ገድያለሁ። አባቴ ሆዷን ቅደድ አለኝ። ብቀደው አይጥ ብቻ ነው። ጡቷ በወተት ተወጥሯል። አባቴ ጥሎኝ ሄደ።

ጎህ ሲቀድ ከሽሎሞ ጋር ወጣን። ሸለቆው ውስጥ ያገኘነው የተኩላዋ ዱካ ጠባብ ነው፣ እንደ ክር ቀጥ ያለ። ተከትለነው ገደል ሥር ጉድጓዷን አገኘን። ሽሎሞ ከበላይ ጠመንጃውን ደግኖ ቀረ። እኔ የበላችውን ሳላይ አይሆንም ብዬ በሆዴ ተሳብሁ። የጥንቸል አጥንት አለ፣ የቆቅ ላባ አለ፤ የበግ ጠጉር ግን ብፈልግ ብፈልግ አጣሁ። ከውስጥ ቡችሎቿ ይነጫነጫሉ። ይሄኔ ከኋላዬ ጠጠር ተንኮሻኮሸ።

ዞር ስል ጥርሷን ገልጣ ቆማለች። እኔ በእሷና በልጆቿ መካከል ገብቻለሁ! ሽሎሞ ቢተኩስ ወይ እሷን ወይ እኔን ነው። እጄን ዘርግቼ ከለከልሁት። ዓይኔን ከእሷ ሳልነቅል ወደ ጎን እየተንፏቀቅሁ ጉድጓዱን ለቀቅሁላት። ሳትነካኝ ሽው ብላ ገባች።

ሽሎሞ ለምን አስጣልኸኝ ብሎ ጮኸብኝ። እጁን ይዤ ወደ በረቱ መለስሁት። ሌሊቱን የተገደለችው በግ አጠገብ ያለው ዱካ ሰፊ ነው፣ ወዲያ ወዲህ ይላል፤ የውሻ ነው። የት እንዳደረሰን ታውቃላችሁ? ሽሎሞ ደጅ። የገዛ ውሻው ጅራቱን እየቆላ ተቀበለን። አፉን ፈልቅቄ በጥርሱ መሃል የተሰነቀረውን የበግ ጠጉር አሳየሁት። ሽሎሞ ጥይቱን አውጥቶ ኪሱ ከተተ።

«ለጎረቤቶቼ ምን እላቸዋለሁ?» አለ።

«ከመተኮሳችሁ በፊት የውሾቻችሁን አፍ እዩ በላቸው» አልሁት።

ውሻው ታሰረ፣ በጎቹም ተረፉ። በጋ ላይ የተኩላዋ ሦስት ቡችሎች ሜዳው ላይ ሲላፉ አየሁና ብቻዬን ሳቅሁ። ወዲያው ደግሞ እንባዬ መጣ። አባቴ ስሜን ተቀብሮ ነው የቀረ፤ ይሄን አላየልኝም።