የእሷ ሸራ፣ የእኔ ባንዲራ

ባሕር አይቼ አላውቅም። ዛሬም ድረስ አላየሁም። ሆኖም በደርግ ዘመን፣ ናዝሬት ከቤቴ ጓሮ በቆርቆሮ በከደንኩት መሥሪያዬ ውስጥ፣ ሦስት ምሰሶ ያለው የጥንት የሸራ መርከብ አሳንሼ ሠርቻለሁ። ለጨዋታ አልነበረም። ሥራ ለመቀጠር ነበር።

ያን ጊዜ አርባ ዓመት አልፎኛል። አናጢ ነኝ። በር፣ መስኮት፣ አልጋ፣ ቁም ሣጥን፣ ሲያስፈልግም የሬሳ ሣጥን እሠራለሁ። ሙያውን ያስተማረኝ ሰው የለም፤ የተሰበረ ወንበር እየፈታሁ፣ እንዴት እንደ ተገጠመ እያየሁ ነው የተማርኩት። ንባብም ከመጠቅለያ ጋዜጣ ነው የለመድኩት። ስለዚህ እጄ ላይ ሙያ እንጂ ወረቀት አልነበረኝም።

በከተማው አንድ የሙያ ማሠልጠኛ የእንጨት ሥራ አሠልጣኝ ይፈልጋል የሚል ማስታወቂያ ወጣ። «የምስክር ወረቀት ያለው» ይላል። እንጨት በዚያ ወቅት እንደ ልብ አይገኝም ነበር፤ አንዳንድ ወር መላጊያዬን ሳላነሣ ያልፋል። ቤት ውስጥ አምስት ልጆች አሉ። ግን እውነቱን ከተናገርኩ አይቀር፣ ከደመወዙ በላይ የጎመጀሁት «መምህር» ተብሎ መጠራትን ነው። ሄጄ ኃላፊውን አነጋገርኩት። ወጣት ነው፤ አላባረረኝም።

«ወረቀት ከሌለዎት ሥራዎን እንይ» አለኝ። «በአራት ወር ውስጥ በገዛ እጅዎ ብቻ የሠሩትን አንድ ነገር ይዘው ይምጡ። በር አይሁን። በር የሚሠራ ሞልቷል። ኮሚቴው አይቶ ይወስናል።»

የሰጠኝ ወረቀት ላይም «በገዛ እጅ ብቻ» የሚለው ተሰምሮበታል።

ጎረቤቴ የአሰብ መንገድ ሾፌር ነበር፤ የወሎ ሰው፣ ቀልደኛ። ከወደቡ አንድ የግድግዳ ካላንደር አምጥቶልኝ ነበርና የጥንት መርከብ ሥዕል አለበት። ከሥሩ ያለውን የእንግሊዝኛ ጽሑፍ በመዝገበ ቃላት እየፈለግሁ አነበብኩት፤ ከብዙ መቶ ዓመት በፊት በነፋስ ብቻ እየተገፋ ሸቀጥ ያመላልስ የነበረ ነው። ሥዕሉን ሳየው የገረመኝ አንድ ነገር ነው። ዕድሜዬን በሙሉ ማዕዘን ሳስተካክል ኖሬያለሁ፤ እዚህ መርከብ ላይ ግን ማዕዘኑ ቀጥ ያለ ነገር የለም። ሁሉም ይታጠፋል፣ ይሾላል፣ ያብጣል። ይህን የሠራ ሰው ሌላውን ሁሉ ይሠራል ብዬ ወሰንኩ።

ሾፌሩ ሲሰማ ሳቀብኝ።

«ጋሼ፣ ሲያልቅ በአዋሽ ነው የሚያወርዱት ወይስ በቆቃ? የቆቃ ዓሣ አጥማጆችን መንገድ ልቀቁ ልበላቸው እንዴ?»

ባለቤቴ ደግሞ ከእሱ ባሰች። «ኖኅም እኮ ልኩን እግዜር ነግሮት ነው የሠራው። ለአንተ የነገረህ ካላንደር ነው» አለችኝ።

መጀመሪያ ከሥር የሚሄደውን ወፍራም እንጨት እንደ ጀርባ አጥንት አጋደምኩ። በላዩ ላይ ሃያ ሁለት ጎድን ከኮምፔንሳቶ ቆርጬ ደረደርኩ። ቆዳው ግን አስቸገረኝ። ዋንዛ በስሱ ሰንጥቄ በጎድኑ ላይ ሳጥፈው ቀጭ ይላል። በውኃ ነከርኩት፤ ተሰበረ። ባለቤቴ ነጭ ልብስ በምትቀቅልበት በርሜል ቀቀልኩት፤ ታጠፈ፣ ሲደርቅ ግን ተመልሶ ቀጥ አለ። ሦስት ሳምንት እንዲህ ሄደ። በመጨረሻ የገባኝ ነገር፣ ከተቀቀለ በኋላ በገመድ አስሮ ሦስት ቀን በጥላ መተው እንዳለበት ነው። ፀሐይ ላይ ካቻኮሉት ይሰነጠቃል፤ ቶሎ ከፈቱት ይክዳል። እንጨት ጉልበት አይወድም፤ ጊዜ ነው የሚወደው። ይህን የመጀመሪያ ልጄን ሳላሳድግ ባውቀው ኖሮ ለእሱም ለእኔም በተሻለን ነበር። ያለፈ ነገር ነው፤ ግን ሳልጽፈው አላልፍም።

ከዚያ በኋላ ሥራው ጣመኝ። ጠዋት ለደንበኛ በር እሠራለሁ፤ ከሰዓት በኋላ ወደ መርከቡ እመለሳለሁ። እንጨቱን በመስኮት መስታወት ስባሪ እፍቃለሁ፣ በብርጭቆ ወረቀት አለሰልሳለሁ። ሚስማር ብጠቀም ስሱን እንጨት ስለሚሰነጥቀው፣ ከወይራ የጥርስ መፋቂያ የሚያህሉ ችካሎች እየጠረብኩ በእነሱ አያያዝኩት። ምሰሶዎቹንም ከወይራ አቆምኩ። ገመዱ የጥጥ ክር ነው፤ ፀጉር እንዳያወጣ በሰም አሸሁት። የዚያን ያህል ሰላም ያገኘሁበት ጊዜ ትዝ አይለኝም። ሰው ና ብላ ብሎ ካልጠራኝ በቀር ምሳ እረሳ ነበር።

ሸራው ላይ ስደርስ አቡጀዲ ገዛሁና በሻይ ነክሬ አደበዘዝኩት፤ ከዚያም መርፌ ያዝኩ። አንዱን ሸራ ሁለት ቀን ሰፋሁት። ባለቤቴ በጣቷ ጫፍ አንጠልጥላ አየችው።

«ይሄ የሕፃን መጠቅለያ ነው» አለችና ጨርቁን በሙሉ ይዛው ሄደች።

ሰፍታ ስታመጣው ዐሥራ አንድ ሸራ ነው። በእያንዳንዱ ላይ ዓይን የሚያደክም ጥቃቅን ስፌት በሁለት ረድፍ ሄዷል። የሸሚዝ ኮሌታ እንደምታደርቀው በዱቄት ሙጫ ነክራ፣ በጎድጓዳ ሳህን ጀርባ ላይ ዘርግታ አድርቃዋለች። ከሳህኑ ሲላቀቅ ነፋስ የሞላው መስሎ አብጦ ቀረ። ከምሰሶዎቹ ላይ ሳስረው መርከቡ ነፍስ ዘራ። እኔ ግን ያኔ «በገዛ እጅ ብቻ» የሚለው ቃል ትዝ አላለኝም። ይህን ሳስብ እስከ ዛሬ አፍራለሁ። ረስቼው አይደለም። በቤታችን የሚስት ሥራ እንደ ሰው እርዳታ አይቆጠርም ነበር፤ እንደ ጉድጓዱ ውኃ፣ እንደ ጥላው፣ በቤቱ ያለ ነገር ነበር።

የቀረኝ ሦስቱ ባንዲራዎች ነበሩ። ከወተት ቆርቆሮ ቆርጬ፣ የሚውለበለቡ እንዲመስሉ አጣምሜ፣ ከምሰሶዎቹ ጫፍ ላይ ወደ መርከቡ ኋላ አድርጌ ተከልኳቸው። ባለቤቴ ልብስ አስጥታ ስትመለስ ቆም ብላ አየች።

«ባንዲራው ወደ ፊት ነው መሆን ያለበት።»

«መርከቡ ወደ ፊት እየሄደ ባንዲራው እንዴት ይቀድመዋል?» አልኳት። «የባለሥልጣን መኪና ሲያልፍ አላየሽም? ባንዲራው ወደ ኋላ ነው የሚውለበለበው።»

«መኪናውን የሚገፋው ነፋስ ነው?»

መልስ ያጣ ሰው የሚናገረውን ተናገርኩ። «አንቺ ስለ መርከብ ምን ታውቂያለሽ?»

«ስለ መርከብ አላውቅም። የናዝሬትን ነፋስ ግን አውቃለሁ። አንሶላው ወደ መንገድ እየተነፋ ነጠላው ወደ ጓሮ ሲሄድ አይቼ አላውቅም። ደግሞ ሥዕሉ ላይም ወደ ፊት ነው።»

ሥዕሉን አየሁት። እውነትም ወደ ፊት ነው። «ሠዓሊው ተሳስቶ ነው» አልኩ።

ሳቀችና ወደ ቤት ገባች።

ቀኑ ሲደርስ መርከቡን ጋሪ ላይ ፍራሽ አንጥፌ ጫንኩት። እኔ አልተሳፈርኩም፤ በሁለት እጄ ደግፌ ከጎኑ ስሄድ የሰፈሩ ልጆች ተከተሉን። ሾፌሩ ከደጁ ላይ ሆኖ እንደ መርከብ ጡሩምባ ጮኸ።

ኮሚቴው ሦስት ሰው ነው፤ ኃላፊው፣ ከትምህርት ቢሮ የመጣ አንድ ወፍራም ሰው፣ የማሠልጠኛው የስፌት መምህርት። እሷ ጠና ያለች፣ መነጽሯን በክር አንገቷ ላይ ያንጠለጠለች ሴት ናት። ወንዶቹ ዙሪያውን እየዞሩ አደነቁ። የቢሮው ሰው ሚስማር ፈልጎ ሲያጣ፣ «ጓድ፣ ይህ ነገር በጸሎት ነው የተያያዘው?» አለኝ። ችካሎቹን አሳየሁት። ነገሩ እንዳለቀ ተሰማኝ።

የስፌት መምህርቷ ግን እንጨቱን አልነካችም። መነጽሯን አድርጋ አንዱን ሸራ በሁለት ጣቷ ያዘች።

«ይህን የሰፉት እርስዎ ነዎት?»

እኔ ልጆቼን ስለ አንድ ትንሽ ውሸት በቀበቶ የገረፍኩ ሰው ነኝ። ያን ጊዜ ግን፣ «በቤቴ ነው የተሰፋው» አልኩ። ውሸት አይደለም። እውነትም አይደለም። እንዲህ ያለው አነጋገር ከውሸት እንደሚብስ ለልጆቼ ደጋግሜ ነግሬያቸዋለሁ።

እሷም አላጠበቀችብኝም። ወደ ላይ ቀና ብላ፣ «እንግዲያስ ሌላ ልጠይቅዎ። ነፋሱ ሸራውን ወደዚህ ከነፋው፣ ባንዲራውን ወደዚያ የሚነፋው ማን ነው?» አለች።

የሁለቱ ጥያቄዎች መልስ አንድ መሆኑ የገባኝ ያኔ ነው። ሸራውን የእኔ ነው ካልኩ፣ ልክ የሆነውን ከሰው ሰርቄ የተሳሳተውን ብቻ የራሴ ላደርግ ነው። እውነቱን ካልኩ ደግሞ የተሰመረበትን ቃል አፍርሻለሁና ሥራው ይቀራል።

«ሸራውን የሰፋችው ባለቤቴ ናት» አልኩ። «ባንዲራውን የሠራሁት እኔ ነኝ። ተሳስተሃል ብላኝም ነበር።»

የቢሮው ሰው ሆዱ እስኪንቀጠቀጥ ሳቀ። ኃላፊው አልሳቀም። ወረቀቱን አንሥቶ የተሰመረበትን አሳየኝ። ከዚያ ወደ ውጭ አስወጡኝና አጥሩ ሥር ቆሜ ጠበቅሁ። ተመልሼ ስገባ ውሳኔውን ነገሩኝ። መመሪያ መመሪያ ነው፤ የሌላ ሰው እጅ ያለበትን መመዘን አይችሉም። ሸራውን በሙሉ አውልቄ በማግሥቱ ካመጣሁት ግን እንጨቱን ብቻ ያያሉ።

«ይጠቅምዎታል» አለች መምህርቷ። «ሸራው ከወረደ ባንዲራውም ስሕተት አይሆንም። ወደብ ላይ የቆመ መርከብ ነው።»

መርከቡን እዚያው አስቀምጬ በእግሬ ወደ ቤት ሄድኩ። መንገዱን በሙሉ ያሰብኩት ስለ ሥራው አልነበረም፤ ለባለቤቴ እንዴት እንደምነግራት ነው። ሳያት በአጭሩ ተናገርኩ።

«ስለ ባንዲራው ልክ ነበርሽ።»

«ማን ነገረህ?»

«የስፌት መምህርት።»

«እኔ ስነግርህ አልሰማህም፤ ደመወዝ ያላት ስትነግርህ ሰማህ» አለች። የቀረውንም ነገርኳት። ሸራው ይውለቅ መባሉን ስትሰማ የያዘችውን ልብስ አጣጥፋ አስቀመጠች። ዐሥራ አንዱን ለመስፋት ስንት ከሰዓት በኋላ እንዳጠፋች እኔም አውቃለሁ።

«ካልፈለግሽ ይቅር። በር መሥራቴን እቀጥላለሁ» አልኩ። ከልቤ ነበር።

«ተው እባክህ። አንተ ካወለቅኸው ግን ትቀደዋለህ። እኔ ልምጣ።»

በማግሥቱ አብረን ሄድን። ኮሚቴው ፊት ቁጭ ብላ አንዱንም ክር ሳትበጥስ፣ ቋጠሮውን ሁሉ በመርፌ ጫፍ እየፈታች፣ ዐሥራ አንዱንም አውርዳ በመሐረብ ቋጠረችው። መምህርቷ አጠገቧ ወንበር ስባ ተቀመጠችና ስለ ዱቄት ሙጫው ጠየቀቻት። ሁለቱ ሲያወሩ እኛ ወንዶቹ ቆመን ጠበቅናቸው። መርከቡ ራቁቱን ሲቀር እንጨቱ ከቀድሞው በተሻለ ታየ፤ ይህንንም ለክብሬ ስል አልደብቀውም። በዚያው ሳምንት ተቀጠርኩ።

ሥራ እንደ ጀመርኩ መርከቡን ወደ ቤት ልውሰደውና ሸራው ይመለስለት አልኩ። የንብረት ክፍሉ ሰውዬ የአርሲ ሰው፣ ለመዝገቡ ታማኝ ነውና አይሆንም ብሎ እጁን አወዛወዘ። መርከቡ በሞዴል 19 ገቢ ሆኗል፤ የመንግሥት ንብረት ነው፤ ከግቢ አይወጣም። ባንዲራዎቹን ላዙራቸው ብዬ ብጠይቀውም፣ «እንደ ተመዘገበ ይቀመጣል» አለኝ። ተናደድኩ፤ ነገር ግን ትክክል ነበር። እኔም በእሱ ቦታ ብሆን ያንኑ አደርጋለሁ።

ስለዚህ ባለቤቴ አንድ ቅዳሜ ቋጠሮዋን ይዛ ራሷ መጣች። ሰውዬው «አካም ጅርታ» ብሎ ተቀበላትና ወንበር ሰጣት። ሸራዎቹን አንድ በአንድ መልሳ አሰረች። እኔም ክሩን እየያዝኩላት ቆምኩ። ስትጨርስ ልንነሣ ስንል ሰውዬው ከለከለን። ንብረት ያለ ደረሰኝ አይገባም አለ። የካርቦኑን ወረቀት አስገብቶ ጻፈ፤ የመርከብ ሸራ፣ ዐሥራ አንድ። «ያስረከበው» በሚለው ላይ እኔን አየና ብዕሩን አቆመ።

«የማንን ስም ልጻፍ?»

«የእሷን» አልኩ።

የራሷንና የአባቷን ስም ጻፈ። ሌላ ወረቀት ላይ ስሟ እንዲያ ብቻውን ተጽፎ አይቼ አላውቅም። ባለቤቴ ማንበብ የተማረችው በመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ነው፤ ጣቷን እያስኬደች አነበበችው። ከዚያ፣ «የአያቴን ስም አልጻፍክም» አለችው።

ሰውዬው ወረቀቱን መልሶ ወሰደና ጨመረበት።