የተደፈነችው ቀዳዳ

መካኒኩ እሸቴ የመኪና ውሃ ፓምፕ የሚመረምረው በጆሮው ነበር። የካቻቢቴውን ጫፍ ፓምፑ ላይ፣ እጀታውን ጆሮው ላይ አስደግፎ ያዳምጣል። ሞተሩን አስጠፍቶ ማራገቢያውን ይነቀንቃል፤ ከተወላገደ የሚሽከረከርበት ኩሽኔታ አልቋል። ከሥር ካለችው ቀዳዳ ውሃ ከተንጠባጠበ ደግሞ ክርክር የለም፤ ፓምፑ ይቀየራል።

በ1959 ዓ.ም. ኅዳር፣ በጥጥ ለቀማው ወር፣ ወልደ ኢየሱስ የሚነዳት መኪና ሦስቱንም ምልክት አሳየች። ወልደ ኢየሱስ የእህቱ የመንበረ ባል ነው። እሸቴ መኪናዋ ከአዋሽ ጋራዥ እንዳትወጣ አለ። የጥጥ እርሻው የትራንስፖርት ሹም ሣህሌ ግን ባቡሩ ጥጡን አይጠብቅም አለው። አዲስ ፓምፕ ከአዲስ አበባ እስኪመጣ ሦስት ቀን ይፈጃል።

«ሸናች ተብሎ መኪና ይታሰራል?» አለ ሣህሌ። «ድፈናት።»

«ጌቶች፣ ቀዳዳዋ የተሠራችው ጉዳቱን እንድትነግረን ነው። ከደፈንናት ውሃው ኩሽኔታ ውስጥ ይገባል።»

የሣህሌ የጉማሬ አለንጋ ፊቱ ላይ አረፈ። ሁለተኛው አንገቱን ተለተለው። በሦስተኛው እሸቴ ተንበረከከ፤ ሳሙና በጥጥ ለወሰና ደፈናት። ሾፌሮች የሚያፈስ ራዲያተር እንዲያ ይደፍናሉ። ፓምፕ እንዲያ እንደማይደፈን ያውቃል።

ወልደ ኢየሱስ ከምሳ ሲመለስ ጠብታው ቆሟል። ሣህሌ ጉማሬውን እንደያዘ አጠገባቸው ነበር።

«ደህና ናት?» አለ ሾፌሩ።

«ደህና ናት» አለ እሸቴ።

የሆነውን የተናገረው አብሮ የተሳፈረው ለቃሚ አማን ነው። ጥጡን ጭነው ሲመለሱ ፓምፑ ያፏጭ ጀመር። ወልደ ኢየሱስ ቆመና ሞተሩን ሳያጠፋ ኮፈኑን ከፈተ። ያን ጊዜ ኩሽኔታው ተሰባብሮ ማራገቢያው ተነቀለ፤ አንዱ ክንፍ ጉሮሮውን በጠሰው። የፈላው ውሃ በላዩ ተደፋ። ሬሳውን ጥጡ ላይ ጭነው አመጡት።

እሸቴ ፓምፑን ፈታ። ሳሙናው ቀዳዳዋ ውስጥ እንዳለ ነው። ፓምፑን ይዞ ሣህሌ ቢሮ ገባና አገጩን መታው። ሲወድቅም አልተወውም። ሲያላቅቋቸው የሣህሌ ጥርሶች ሲሚንቶው ላይ ተበትነዋል።

እሸቴ በድብደባ ተከሶ ፍርድ ቤት ሲቆም ሣህሌ አገጩን አስሮ ቀረበ፤ ፓምፑ የተሰበረው ሾፌሩ ውሃ ሳይጨምር ሄዶ ነው ብሎ በጽሑፍ አስገባ። መንበረ ጥቁር ለብሳ ፊት ወንበር ላይ ተቀምጣለች። ዳኛው ቀዳዳዋን ማን እንደደፈናት ጠየቁ። እሸቴ ሣህሌ አስገደደኝ ብሎ ሊያበቃ ይችል ነበር።

«አስገድዶኛል። የደፈንኩት ግን እኔ ነኝ» አለ። «ደህና ናት ብዬ የላክሁትም እኔ ነኝ።»

መንበረ ተነስታ ወጣች።

ሦስት ዓመት ተፈረደበት። በሦስቱም ዓመት ወህኒ ቤቱ በር ላይ በስሙ ስንቅ አልመጣም።